«እትዬ፣ ንጉሥ ያገባች ሁሉ ንግሥት ትሆናለች?» በጋብቻ ስለሚገኝ የንግሥና ማዕረግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣፎ አደባባይ አጠገብ የሙሽራ ካባ አከራያለሁ። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ሁለቱን ሥራ ምን አገናኘው አትበሉኝ። ካባ ለብሳ መስታወት ፊት የቆመች ሙሽራ የምትጠይቀው ሁሌም የታሪክ ጥያቄ ነው። «እቴጌ መሰልኩ?» ትላለች። ሚዜዋ ስልኳን እየነካካች «ኧረ ሜገንን ነው የመሰልሽው» ትላታለች። እናት ጣልቃ ትገባለች፦ «ሜገን ደግሞ የማን ልጅ ናት?» በዚህ መሀል ቡና ይቀርባል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ካባው ይረሳል።

ያንኑ መልስ በየሳምንቱ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የውጭውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ አስቀምጫለሁ። ዓ.ም. ካልኩ የእኛ ነው፣ ሌላው ሁሉ የእነሱ።

ንጉሥ ያገባች ሁሉ ንግሥት ትሆናለች?

አውሮፓ ውስጥ ከሆነ፣ አዎ ማለት ይቻላል። ባል ሲነግሥ ሚስትም ንግሥት ትባላለች። የኔዘርላንድስዋ ማክሲማ አርጀንቲና ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ ስትሠራ የነበረች ሴት ናት። ባልዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲነግሥ ንግሥት ሆነች። የስፔኗ ሌቲዚያ ዜና አንባቢ ነበረች። እሷም በ2014 ንግሥት ተባለች። የዴንማርኳ ሜሪ አውስትራሊያዊት ናት። በ2024 መጀመሪያ ላይ ተራው ደረሳት።

ይሄ ግን የአውሮፓ ልማድ እንጂ የዓለም ሕግ አይደለም። ዮርዳኖስን እንይ። አብዱላህ ዳግማዊ ዙፋኑን የያዙት በፌብሩዋሪ 1999 ነው። ራኒያ ግን ንግሥት የተባለችው በማርች ነው፣ ንጉሡ ሲያውጁላት። የንጉሡ እናት ደግሞ ትውልዳቸው እንግሊዝ ነው። ንጉሥ ሁሴንን አግብተው «ልዕልት ሙና» ተባሉ እንጂ አንድም ቀን ንግሥት አልተባሉም። ሞሮኮ ውስጥ የንጉሥ ሚስት አደባባይ አትወጣም ነበር፣ ማዕረግም አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ2002 መሐመድ ስድስተኛ ሲያገቡ ነው ሚስታቸው ሰልማ «ልዕልት» የተባለችው። ንግሥት ግን አልተባለችም። ሳዑዲም የንጉሥ ሚስት ንግሥት አትባልም።

ወደ አፍሪካችን ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይጥማል። ኤስዋቲኒ ውስጥ ንጉሡ ብዙ ሚስት አላቸው። ከንጉሡ ጎን ትልቁን ወንበር የያዘች ሴት ግን ሚስት አይደለችም፣ እናት ናት። ማዕረጓም ሲተረጎም «እንስት ዝሆን» እንደማለት ነው። ይህን ሳወራ ሱቁ ውስጥ ያሉ አማቶች ሁሉ ቀና ይላሉ። ቡጋንዳ ውስጥ ንጉሡ «ካባካ» ይባላል፣ ሚስቱ «ናባገሬካ» ትባላለች። ካባካ ስል ደግሞ ሙሽሮቹ ይስቃሉ። ካባ የለበሰ ሰው ይመስላቸዋል።

እኛ አገርስ? እቴጌ ማለት ንግሥት ማለት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰማዩ ሲጠራ ከሱቄ በራፍ የእንጦጦ ሰንሰለት ይታየኛል።

እቴጌ ማለት ዘውድ የደፋች የንጉሠ ነገሥት ሚስት ናት። ቁም ነገሩ «ዘውድ የደፋች» የሚለው ላይ ነው። ጋብቻው ብቻውን አይበቃም። ጣይቱ ብጡል ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። ያኔ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም። ጣይቱ ለእቴጌነት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ጠበቁ። ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ደፉ። ጣይቱ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ «እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተባሉ። ሁለት ቀን ብቻ ነው ልዩነቱ። ግን ሁለት የተለያየ ሥርዓት ነው።

ከጣይቱ በፊት ምኒልክ ከባፈና ጋር ዓመታት ኖረዋል። ባፈና ብልህና ኃይለኛ ሴት እንደነበሩ ይነገራል። ያም ሆኖ ታሪክ የሚጠራቸው «ወይዘሮ ባፈና» ብሎ ነው። ንጉሠ ነገሥት ያልሆነ ባል እቴጌ አያደርግም።

ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ግን የምንትዋብን ታሪክ ነበር። ምንትዋብ የአፄ በካፋ ሚስት ናቸው። በካፋ በ1723 ዓ.ም. ገደማ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናት ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፍተው አገሩን ያስተዳድሩ ጀመር። ማዕረጉን ያገኙት በባል ነው፣ ሥልጣኑን ያጠበቁት በልጅ ነው። ልጁ አድጎ ውቢት የምትባል ሚስት አገባ። ኢያሱ ሲሞት ደግሞ ውቢት «አሁን እኔ ነኝ የንጉሥ እናት» አለች። አማት ደግሞ በሕፃኑ የልጅ ልጃቸው ስም መግዛቱን ሊለቁ አልፈለጉም። የጎንደር ፖለቲካ ለዓመታት በዚህ ታመሰ። የአማትና የምራት ነገር እንግዲህ ቤተ መንግሥትም ያው ነው።

የመጨረሻዋ እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። ከባላቸው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው ዘውድ የደፉት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ።

በነገራችን ላይ እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ቃል ያጥራቸዋል። ዙፋን ላይ የተቀመጠችውንም ንግሥት ይሏታል፣ የንጉሡን ሚስትም ንግሥት ይሏታል። እኛ ለይተነዋል። ሚስቲቱ እቴጌ ናት። በራሷ የነገሠችው ዘውዲቱ ደግሞ «ንግሥተ ነገሥታት» ናቸው። ደንበኞቼ ይህን ሲሰሙ ለምን እንደሆነ እንጃ ኩራት ይሰማቸዋል። እኔንም ይሰማኛል።

ንግሥት ያገባ ወንድ ለምን ንጉሥ አይሆንም?

ይህን የሚጠይቁት ሙሽሮች (ወንዶቹ) ናቸው። ሙሽሪት ስትለካ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲሰለቻቸው።

አጭሩ መልስ፦ በሰው ጆሮ ንጉሥ ከንግሥት ይበልጣል። ባልየው ንጉሥ ከተባለ ሚስቲቱ ከራሷ ዙፋን ላይ ዝቅ ያለች ይመስላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ግን ከእሷ በታች የሆነ ስም ይፈለግለታል። ብዙ ጊዜ «ልዑል» ነው። ስፔን ይህን በ1987 በወጣ የንጉሥ ድንጋጌ ጽፋ አስቀምጣለች። ወደፊት ንግሥት ብትነግሥ ባልዋ ልዑል ይባላል።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። የእንግሊዟ ቀዳማዊት ሜሪ በ1554 የስፔኑን ፊሊጶስ ስታገባ ፓርላማው «ንጉሥ» የሚለውን ስም ሰጥቶታል። ግን እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ጥንቁቅ ሆኑ። የቪክቶሪያ ባል አልበርት በ1840 አግብተው «የንግሥቲቱ ባለቤት ልዑል» የሚለውን ማዕረግ በወግ ያገኙት በ1857 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! እኛ ሰፈር ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው እንዲህ የሚጠበቀው።

የዳግማዊት ኤልዛቤጥ ባል ፊሊፕም ታሪካቸው ይገርማል። የግሪክና የዴንማርክ ልዑል ሆነው ተወለዱ። በ1947 ሊያገቡ ሲሉ ያንን ማዕረግ ተዉት። የኤልዛቤጥ አባት የኤድንብራ ዱክ አደረጓቸው። ዱክ እኛ መስፍን የምንለው ዓይነት ነው። ሚስታቸው በ1952 ነገሠች። እሳቸው ግን የብሪታንያ ልዑል የተባሉት በ1957 ነው፣ ንግሥቲቱ በደብዳቤ ሲሰጧቸው። በአሥሩ ዓመት ውስጥ ሁሉም ሰው «ልዑል ፊሊፕ» ይላቸው ነበር። በወረቀት ግን አልነበሩም።

ዝም ብሎ መቀበል ያልቻለው የዴንማርኩ ሄንሪክ ነው። ፈረንሳዊ ነበር፣ የኋላዋን ንግሥት ማርግሬተን በ1967 አገባ። እስኪሞት ድረስ «ለምን ንጉሥ አልባልም?» ሲል ኖረ። እንዲያውም በ2017 «ከሚስቴ ጎን አልቀበርም» አለ። በቀጣዩ ዓመት አረፈ፣ እንዳለውም ከእሷ መቃብር ጎን አልተቀበረም። ይህን ስናገር ሙሽሮቹ ይስቃሉ፣ ሚስት የምትሆነዋ ግን አትስቅም።

የእኛው ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ዘውዲቱ ከመንገሣቸው በፊት የራስ ጉግሣ ወሌ ሚስት ነበሩ። ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ መኳንንቱ «ባልሽን ካልተውሽ» አሉ። ፍርሃታቸው ግልጽ ነው። ባልየው አጠገብ ካለ ሥልጣኑ ወደ እሱና ወደ ጣይቱ ወገን ይሄዳል። ስለዚህ ተለያዩ። ጉግሣ ቤጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ። የንግሥት ባል ንጉሥ መሆን ይቅርና ባል ሆኖ መቆየትም አልቻለም። ከዓመታት በኋላ ጉግሣ ሸፈቱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. «አንቺም» በተባለ ቦታ በተደረገው ጦርነት ሞቱ። ዘውዲቱም መጋቢት 24 አረፉ። ሁለት ቀን ልዩነት። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ፀጥታ ይሆን ነበር።

ልዕልት ያገባ ወንድስ ልዑል ይባላል?

በእኛ ዘንድ አይባልም። የጃንሆይንና የእቴጌ መነንን ትልቋን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን ያገቡት ደስታ ዳምጠው እስከ መጨረሻው «ራስ» ነበሩ። ራስነት ደግሞ ሹመት ነው፣ ከሚስት አይመጣም። ልዕልት ፀሐይን ያገቡት አቢይ አበበ «ልጅ» ነበሩ፣ በኋላ ጄኔራል ሆኑ። ልዕልት ዘነበወርቅን ያገባው ኃይለ ሥላሴ ጉግሣም «ደጃዝማች» ነበር። እሱ እንዲያውም ጣሊያን ሲመጣ ከጠላት ጋር ወገነ።

ታክሲ ረዳቶች «ዘነበወርቅ፣ ዘነበወርቅ!» እያሉ የሚጠሩት ሰፈር ስሙ የመጣው ከእኚሁ ልዕልት ነው። ዛሬ አለርት የምንለው ሆስፒታል በስማቸው ይጠራ ነበር። የባላቸውን ስም የሚጠራ ረዳት ግን አልሰማሁም።

እንግሊዝም እንዲሁ ነው። የልዕልት አን ሁለቱም ባሎች ልዑል አልተባሉም። ልጆቿም ማዕረግ የላቸውም። ስዊድን ግን ትለያለች። አልጋ ወራሿ ቪክቶሪያ በ2010 ያገባችው ዳንኤል የጂም ባለቤት ነበር። አሁን ልዑል ዳንኤል ነው። እህቷን ያገባው ክሪስ ኦኒል ደግሞ «አልፈልግም፣ ሥራዬ ይበቃኛል» ብሎ በአቶነቱ ቀረ። እኔ ይሄኛው ደስ ይለኛል።

«ልዕልት ዳያና» ማለት ስህተት ነው?

በእንግሊዞች ደንብ፣ አዎ። ለዳያና አንቱ ማለት አልችልም፣ አብረን ያደግን ስለሚመስለኝ። እሷ ንጉሥ አባት የላትም። በእነሱ ደንብ «ልዕልት» የሚለው ቃል ከራስ ስም ፊት የሚገባው ለንጉሥ ልጅ ወይም በወንድ ልጅ በኩል ለንጉሥ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ጆርጅ አምስተኛ በ1917 በጽሑፍ አጥብቀውታል። ያገባች ሴት የባልዋን ማዕረግ ነው የምትካፈለው። ዳያና ትክክለኛ ስሟ «የዌልስ ልዕልት» ነበር፣ ባልዋ ቻርልስ የዌልስ ልዑል ስለሆነ።

ባል ሌላ ማዕረግ ከሌለውስ? ያኔ የባሏን ስም ትወስዳለች። የኬንቱን ልዑል ማይክልን ያገባችው ሴት በወግ የምትጠራው «የኬንት ልዕልት ማይክል» ተብላ ነው። ልዕልት ማይክል! የራሷ ስም ድራሹ ጠፋ።

የእኛ ሴት ግን ስሟን ለማንም አትለቅም። ሣራ ግዛው የሐረሩን መስፍን ልዑል መኮንንን ሲያገቡ «ልዕልት ሣራ ግዛው» ተባሉ። የራሳቸው ስም፣ የአባታቸው ስም፣ ከፊቱ ማዕረጉ። አልጋ ወራሹን ያገቡት መድፈሪያሽወርቅ አበበም እንዲሁ። ስለዚህ እኛ «ልዕልት ዳያና» ስንል የተሳሳትን አይመስለኝም። በራሳችን ሰዋስው ጠራናት። ለእንግሊዞቹ ግን እንዳትነግሩብኝ።

ሜገንስ? ማዕረጓን ተነጠቀች አይደል?

አልተነጠቀችም። ልዑል ሃሪ በሠርጉ ቀን፣ ሜይ 19 ቀን 2018፣ የሰሴክስ ዱክ ተባለ። ሚስቱም ዱቼዝ ሆነች፣ አሁንም ናት። በ2020 ከቤተ መንግሥት ሥራ ሲወጡ የተዉት ከስም ፊት የሚገባውን «ኤች አር ኤች» የሚሉትን ነው። እኛ «ልዑልነታቸው» የምንለውን ዓይነት። እሱም ቢሆን ላለመጠቀም ተስማሙ እንጂ አልተሰረዘም።

የሃሪን ወንድም ዊልያምን ያገባችው የኬት ደግሞ እንዲህ ነው። በ2011 ስታገባ የኬምብሪጅ ዱቼዝ ነበረች። በሴፕቴምበር 2022 አማቷ ቻርልስ ሲነግሡ ባልዋ የዌልስ ልዑል ተባለ፣ እሷም የዌልስ ልዕልት። እስከዚያ ድረስ ያ ስም በሕግ የቻርልስ ሁለተኛ ሚስት የካሚላ ነበር። ካሚላ ግን ከ2005 ጀምሮ አልተጠቀሙበትም። የዳያና ስም ነውና ሕዝቡ ይቀየማል ብለው «የኮርንዎል ዱቼዝ» መባልን መረጡ። ብልህነት ነው። ዛሬ ንግሥት ናቸው።

ቢፋቱስ?

እዚህ ላይ ነው ካባዬን ወደ ምሳሌነት የማመጣው። ካባ ስትከራዩኝ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ መታወቂያ ትተዋላችሁ። ሠርጉ አልቆ መልሱ አልቆ ካባው ይመለሳል። በጋብቻ የመጣ ማዕረግም አብዛኛው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው።

ዳያና በ1996 ስትፋታ «ኤች አር ኤች» ተነሳ። «ዳያና፣ የዌልስ ልዕልት» የሚል ስም ቀረላት። ነጠላ ሰረዟ ናት ልዩነቱ። ማዕረግ መሆኑ ቀርቶ እንደ አባት ስም ከኋላ የተንጠለጠለ ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት የተፋታችው እንግሊዛዊቷ ሣራም «ሣራ፣ የዮርክ ዱቼዝ» እየተባለች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በ2025 የቀድሞ ባልዋ፣ የንጉሡ ወንድም አንድሩ፣ ማዕረጉን ሲያጣ የእሷም አብሮ ወደቀ። አበዳሪው ሲከስር ተበዳሪው እጅ ላይ ያለውም ይወሰዳል እንደማለት ነው።

ዴንማርክ ትንሽ ደግ ነች። ልዑል ዮአኪምን የፈታችው አሌክሳንድራ በ2005 የራሷ የሆነ የካውንቴስነት ማዕረግ ተሰጣት። በ2007 ሌላ ሰው ስታገባ ልዕልትነቱ ቀረ፣ ያኛው ግን አብሯት ሄደ።

ሳይፋቱ የሚወሰድም አለ። የስፔኑ ንጉሥ በ2015 ከገዛ እህታቸው ዱቼዝነቱን ሲያነሱ ባልዋም የዱክነት ስሙን አጣ። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ ንጉሡ ከሚስት በታች የከበረ ቦታ የሰጧትን ሲኒናትን በ2019 ከማዕረጓ አወረዱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መለሱላት። ካባ ሰጥቶ፣ ቀምቶ፣ መልሶ ማልበስ።

ባል ሲሞትስ?

ብዙውን ጊዜ ማዕረጉ ይቆያል፣ ሥልጣኑ ነው የሚሄደው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ዘውድ የደፉበት ቦታ ላይ በጸሎት ኖረው በ1910 ዓ.ም. አረፉ። እስከ ዛሬ እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

የፈለጉትን ማግባት ይችላሉ?

ከሞላ ጎደል፣ ካስፈቀዱ። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ ለዙፋኑ ተራ የያዙት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ናቸው የንጉሡን ፈቃድ የሚጠይቁት። የወጣው ሕግ የ2013 ነው። ከዚያ በፊት ከ1772 ጀምሮ የነበረው ሕግ መላ ዘመዱን ያስቸግር ነበር። ኔዘርላንድስ ውስጥ ፓርላማው ነው የሚፈቅደው። ልዑል ፍሪሶ በ2004 ያለ ፓርላማው ፈቃድ አግብቶ ከወራሽነት ወጣ።

ትልቁ ታሪክ ግን የኤድዋርድ ስምንተኛ ነው። ሁለቴ የፈታች አሜሪካዊት ላግባ አለ። አይሆንም አሉት። በዲሴምበር 1936 ዙፋኑን ተወ። ወንድሙ ዱክ አደረገው። ለሠርጉ ቀናት ሲቀሩት ግን «ልዑልነትህ ለሚስትህ አይተላለፍም» የሚል ደብዳቤ ወጣ። ዋሊስ ዱቼዝ ሆነች፣ «ኤች አር ኤች» ግን እስክትሞት አልተባለችም። ያኔ የኛ ጃንሆይ እዚያው እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። አንዱ ዙፋኑን በጦር አጥቶ፣ ሌላው በፍቅር ትቶ።

አግብቶ ማዕረግ የሚያጣ አለ?

አለ፣ ጃፓን። የንጉሠ ነገሥቱ ዘር የሆነች ሴት ተራ ሰው ካገባች ከቤተሰቡ ትወጣለች። ወንዱ ግን ተራ ሴት ቢያገባ እሷ ትገባለች። ልዕልት ማኮ በ2021 የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋን አግብታ ወጣች። ለመቋቋሚያ የሚሰጠውን ገንዘብ እንኳ አልቀበልም አለች። የዛሬዋ እቴጌ ማሳኮ ደግሞ ዲፕሎማት ነበረች፣ በ1993 አግብታ ገባች። ሴት ልጅዋ ነገ ብታገባ፣ ሕጉ ካልተቀየረ፣ በዚያው በር ትወጣለች። ይህን ስናገር አንዲት እናት «ታዲያ ይሄ ከኛ ጥሎሽ በምን ይለያል? ልጄን ሰጥቼ ቀረሁ እኮ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ የጃንሆይን ዘር ባገባ ልዕልት እባላለሁ?

ይህን የምትጠይቀኝ ልጅ ብዙ ጊዜ ትቀልዳለች። አንዷ ግን የምር ነበር የጠየቀችኝ።

በመንግሥት ዘንድ፣ አትባዪም። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ ቀረ። ማዕረግ የሚሰጥ ዙፋን ከሌለ የሚቀበል የለም። ቀበሌ ሄደሽ «ልዕልት ብላችሁ መታወቂያ ስጡኝ» ብትዪ የሚሆነውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ቤተሰቡ በመሀሉ የሚጠራራበት ግን አለ፣ እሱ መብታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጃንሆይ የልጅ ልጅ ልጆች አንዱ አሜሪካ ውስጥ ሲያገባ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ «ልዑል» እና «ልዕልት» ብሎ ጻፈ። ያ በቲክቶክ ሲዞር ሱቄ ያ ዓይነት ካባ የሚፈልግ ሰው ብዛቱ!

«ወይዘሮ»ስ ማዕረግ ነው?

ነበር። ድሮ ወይዘሮ የምትባለው የመኳንንት ልጅ ወይም ሚስት ነበረች። ዛሬ ያገባች ሁሉ ናት። ስለዚህ ሙሽራዬ፣ ቅዳሜ ዕለት አንድ የቤተ መንግሥት ስም በነፃ ታገኛለሽ።

በተክሊል ስናገባ ዘውድ ይደፋልናል። እሱስ?

እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ካህኑ ይደፋላችኋል፣ ሥርዓቱ ሲያልቅ ያነሣላችኋል። ካባውንም ብዙ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ያለብሳል። ስለዚህ እኔ ጋ ከመምጣታችሁ በፊት ደብራችሁን ጠይቁ። ሁለት ካባ ደርባችሁ በፀሐይ ስትቀልጡ ማየት አልፈልግም።

እቴጌ ጣይቱ የለበሱትን የመሰለ ካባ አለሽ?

የለኝም፣ ያለው ካለ እሱም የሚያስመስል ነው። እውነተኛውን ማየት የምትፈልጉ እንጦጦ ማርያም ግቢ ያለው ሙዚየም ሂዱ። የምኒልክና የጣይቱ ልብሶች እዚያ አሉ። ሙሽሮች እንጦጦ ፓርክ ፎቶ ሊነሡ ወጥተው፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፈውት ሲመለሱ ያናድደኛል። ከጣፎ የምትሄዱ ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት መንገዱ ይዘጋል። ነጠላ ያዙ፣ እዚያ ላይ ይበርዳል። የእኔን ካባ ግን ይዛችሁ እንዳትወጡ። ባለፈው አንዷ የባሕር ዛፍ ሙጫ አስነክታ መለሰችልኝ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።